ሮብ ገበያ በእሑድ

ጎጃም ውስጥ ያለ ምክንያት የሚሄድ እግር የለም። መንገድ ላይ ከታየህ ወይ ገበያ ወርደሃል፣ ወይ ለቅሶ ደርሰሃል፣ ወይ ንግሥ ውለሃል፣ ወይ ከብት ጠፍቶብሃል፤ አለዚያም በድንበር ተካስሰህ ወደ ፍርድ ቤት ነህ። ከእነዚህ ውጭ የሆነ ጉዞ ማብራሪያ ይጠየቅበታል። ጠያቂው ፖሊስ አይደለም፤ አጥሩ ሥር ቆሞ ፀሐይ የሚሞቅ ማንኛውም ሰው ነው። «እንዴት አደራችሁ? ከብቱ ደኅና? ወዴት ናችሁ?» ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሰላምታ ናቸው፤ ሦስተኛው ምርመራ ነው።

በዚህ ሕግ በሚተዳደር አገር ነው እንግዲህ ለመሄድ ሲባል ብቻ የሚሄድ ሰው የተፈጠረው። የደብረ ማርቆስ ልጆች ለክረምት ዕረፍት ከአዲስ አበባ ሲመለሱ ልማዱን ይዘው ይመጣሉ። ከተማው ገና መንቆረር በሚባልበት ዘመን ቅድመ አያቶቻቸው አህያ እየነዱ ስንት ቀን እንደተጓዙ የቆጠረላቸው የለም። የልጅ ልጆች ግን እርምጃቸውን ስልካቸው ካልቆጠረላቸው እንደሄዱ አይቆጥሩትም።

መድረሻው የጮቄ ተራራ ነው። ሐምሌና ነሐሴ በረዶ ይጥልበታል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን የጮቄ አናት ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ከተማ ውስጥ ሹራብ ያስለበሰ ጠዋት ተራራው ላይ ጥርስ ያንገጫግጫል። ባሕር ዛፉን አልፈው ወደ አስታው ሲገቡ፣ ማታ የወረደው በረዶ በየቁጥቋጦው ሥርና በጓሳው ላይ ነጭ እንደሆነ ይቆያል። ረፈድ ሲል ቀልጦ በጨሞጋ፣ በሙጋ፣ በተምጫ አድርጎ ዓባይ ይገባል። ከተሜው በሌሊት የሚነሳው ዓባይ ሳይገባበት ፎቶ ለመነሳት ነው።

አለባበሱን ማየት ያስፈልጋል። ከተሜው ተጠቅልሎ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል፤ ጓንት፣ የሱፍ ባርኔጣ፣ ውኃ የማያስገባ ጫማ፣ በሁለቱም እጁ የብረት ምርኩዝ። ከፊት ለፊቱ የአገሩ ገበሬ በቁምጣ ይመጣል። ጋቢ ደርቧል፤ ባቱ ግን ለብርዱ የተተወ ነው፤ በላስቲክ ጫማው በረዶውን እየጨፈለቀ ይወርዳል። ዱላ አለው፤ አይመረኮዘውም፤ ትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን አንጠልጥሎበታል። ባለ ሁለት ምርኩዙን ወጣት ሲያይ ከልቡ ያዝናል። «እግዚአብሔር ይማርህ ልጄ፤ ጠበሉ እኮ በዚህ በኩል አይደለም» ይለዋል።

ባለፈው ክረምት አንዱን ቡድን ተከትዬ ወጥቼ ነበር። ቀኑ እሑድ ነው፤ ቦታው ሮብ ገበያ። የከተማዋ ስም ራሱ መቼ መምጣት እንደሚገባ እየነገረ በእሑድ መገኘት በቂ ጥርጣሬ ነው። ከቅዳሴ የተመለሱ ሽማግሌዎች ጠየቁን። «ዝም ብለን ነው አባቴ» አለ አንዱ። «ዝም ተብሎ ዳገት ይወጣል?» «ለጤና ነው።» «ማን ታመመ?» «ተራራውን ልናይ ነው።» «ከቤታችሁ ሆናችሁ አይታይም ነበር?» በመካከላችን አንድ የባንክ ሠራተኛ ነበር፤ በሥራው ጠያቂ እንጂ ተጠያቂ መሆን አልለመደም። ትዕግሥቱ አለቀና «በቅሎ ጠፍታብን ነው» አለ።

አገሩ ተነሳ። «መልኳስ?» ዳማ ናት አለ። «ምልክትስ አላት?» ግንባሯ ቦቃ ነው አለ፤ ውሸቱ እየጣመው ሄደ። ጎረምሶች በየሸንተረሩ ተበተኑ፤ ከወዲያኛው ጋራ በፉጨት መልስ መጣ። ካልተገኘች አገሩ ተሰብስቦ ሌባውን የሚያወጣበት አውጫጭኝ ይጠራ ያሉም ነበሩ። እኛም ምን ይደረግ፣ የሌለች በቅሎ ፍለጋ ወጣን፤ በዕቅዳችን ከያዝነው እጥፍ ዳገት የወጣነው በእሷ ምክንያት ነው። ጥቂቶች በመካከሉ ከጅብራ ሥር ፎቶ መነሳታቸውን አልተዉም። ጅብራ ስንት ዓመት ቆማ አንድ ጊዜ ታብባና ትሞታለች፤ እነሱ በየአምስት ደቂቃው አዲስ ፈገግታ ያወጣሉ።

እኩለ ቀን ሳይሞላ አንድ ሽማግሌ ከላይ ወረዱ። በረዶ ላይ ዱካ አይደበቅም።

«የበቅሎ ኮቴ የለም» አሉ። «ያለው የእናንተ እግር ነው። እሱም አንዲት ጅብራ ሲዞር ያረፈደ ነው።»

ምክክሩ አጭር ነበር። የጠፉት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው ተባለ፤ ማንም አልሳቀም። ትኩስ የተቀቀለ ድንች አበሉን፤ ለብርዱ አረቄ ቀመስን፤ አጅበው መኪና መንገድ አወጡንና ሚኒባስ አስቆሙ። ሽማግሌው ሾፌሩን «ዘመዶቻቸው ቤት ሳታደርስ እንዳታወርዳቸው» ብለው አዘዙትና የጋቢያቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈተው የሁላችንንም ሒሳብ መቁጠር ጀመሩ። የባንክ ሠራተኛው ተንደርድሮ እጃቸውን ያዘ፤ ምሎ ተገዘተ።

«ግድ የለም ልጄ» አሉት፤ «በቅሎዋን ስታገኛት ትከፍለኛለህ።»