ይድረስ ለክቡር የናፍጣ ጭስ

ጉዳዩ፦ በቦሎ ሰሞን ለሚያሳዩት መልካም ጠባይ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከሳሉ በቀር ደህና ነኝ።

ባሕር ዳር ባቡር እንደሌላት ያውቃሉ። (በየገጠሩ «ባቡር» የምንለው እህል የሚፈጨውን ሞተር ነው፤ እሱም ቢሆን የቅርብ ዘመድዎ ነው።) ሐዲዱ ሳይደርስ እርስዎ ቀድመው ስለደረሱልን ውለታዎ ብዙ ነው። ያ አሮጌ አውቶቡስ ከመናኸሪያ ወጥቶ ዘንባባዎቹ ሥር ማርሽ ሲቀይር፣ ከማርሚታው የሚወጣውን ግርማዎን ያየ ሰው ባቡር አይናፍቅም።

ባለፈው እሑድ እናቴ ጊዮርጊስ አስቀድሳ ስትመለስ መንገድ ዳር ቡና ልጋብዛት ተቀመጥን። አውቶቡሱ አጠገባችን ተሳፋሪ ጭኖ ተነሣ። ቡና የምታፈላው ልጅ ፈንዲሻውን በሰፌድ ልትከድን ተሽቀዳደመች፤ እርስዎ ቀደሟት። ጭሱ ሲገለጥ ፈንዲሻው ጥቁር አዝሙድ የተነሰነሰበት መስሎ ነበር። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ዘርግታ አየችና አንዴ አራገፈችው። ባታራግፈው ይሻል ነበር፤ ነጥብ የነበረው መስመር ሆነ።

ሹፌሩን ጠየቅሁት። «ከፍታው ነው ወንድሜ፤ አየሩ ሳስቶ ነው» አለኝ። አልዋሸም፤ ጣና ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ በሳሳ አየር ናፍጣ በደንብ አይነድም። ረዳቱ ግን ልጅ ነውና የቀረውን ነገረኝ። ዳገት ላይ ጉልበት እንዲያገኝ ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፖምፓ ተከፍቷል፤ ሞተሩ ከሚስበው አየር በላይ ናፍጣ ይጠጣል፤ ነዶ ያላለቀው ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ቦሎ ሲቃረብ ፖምፓው ይጠብባል፣ የአየር ፊልትሮው ይቀየራል፣ እርስዎም እንደ ሙሽራ አንገትዎን ደፍተው ይቀርባሉ። ቦሎው መስታወት ላይ በተለጠፈ ማግሥት ፖምፓው ይከፈታል።

በዚህ ብልሃትዎ ተማምነው የባቡር ሞተር ፈታኞች ዘንድ እንዳይሄዱ አደራ። ጉደኞች ናቸው። የናፍጣ ባቡር ሞተር የሚያዞረው ጀነሬተር ነው፤ መንኮራኩሩን የሚገፋው ከዚያ የሚገኘው ኤሌክትሪክ ነው። እነሱ ባቡሩን አንድ ስንዝር ሳያንቀሳቅሱ ያንን ኤሌክትሪክ እንደ ምድጃ በሚግል ሽቦ ላይ ይጨርሱታል። ሞተሩ ተራራ የሚወጣ ይመስለዋል። ከሚኒሞ (ሞተሩ ሥራ ሳይዝ ቀስ ብሎ ከሚዞርበት) እስከ ስምንተኛው የጉልበት ደረጃ አንድ በአንድ ያስኬዱታል። በየደረጃው ከጭሱ ቀንሰው በነጭ ማጣሪያ ያሳልፋሉ፤ ማጣሪያውን አስቀድመው መዝነውታል፣ በኋላም ይመዝኑታል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ለሚሠሩ አዳዲስ ባቡሮች የተፈቀደው ጥላሸት ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 0.03 ግራም ነው። ለእርስዎ ይህ ለቁርስም አይበቃ!

ይባስ ብሎ አንዳንዱን ሞተር ዩሪያ ያጠጡታል። አዎ፣ የጎጃም ገበሬ ለበቆሎው ወረፋ የሚይዝለትን ዩሪያ! በውኃ በጥብጠው የጋለ ጭስ ላይ ሲረጩት መርዛማው የናይትሮጅን ጋዝ ናይትሮጅንና ውኃ ሆኖ ይወጣል። ጥላሸቱን ደግሞ እንደ ማር እንጀራ የተሠራ የሸክላ ማጣሪያ ይይዘዋል፤ ሲሞላም እዚያው በሙቀት ያቃጥሉታል። ማዕረግ የማያውቁ ሰዎች! የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 እርስዎን ከትንባሆ ጋር በአንደኛው ምድብ፣ ካንሰር ማምጣታቸው በተረጋገጠው ዘንድ፣ ማስቀመጡን አልሰሙም ይሆናል። ዘግይቼም ቢሆን እንኳን ደስ አለዎት።

ልመናዬ ትንሽ ናት። ለቦሎ የሚለብሱትን ጠባይ እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ መውጫ እስከ ሦስተኛው ቡና ይልበሱልን።

ከማይቋረጥ ሳል ጋር፣
አንድ የመንገድ ዳር ቡና ጠጪ

ግልባጭ፦
ለእናቴ ነጠላ (ሳይመዘን ሳፋ ውስጥ ተዘፍዝፎ ለሚገኘው)