ማስተካከያ፦ የጌቲስበርግ ፈረሶች እግር

አሜሪካ ውስጥ የእርስ በርስ ጦርነቱ ውጊያ በተካሄደበት በጌቲስበርግ የጦር ሜዳ ስላሉት ባለፈረስ የጄኔራሎች ሐውልቶች አንድ ወሬ በሰፊው ይዞራል። ፈረሱ አንድ እግር ካነሳ ጋላቢው ቆስሏል፤ ሁለት ካነሳ ሞቷል፤ አራቱም መሬት ከነኩ በሰላም ወጥቷል ይባላል። እንዲህ ያለ ሕግ የለም።

መግጠሙስ አንዳንዴ ይገጥማል። እ.ኤ.አ. በ1863 ጄኔራል ሬይኖልድስ በውጊያው የመጀመሪያ ቀን ተገደለ፤ ሐውልቱ ላይ ፈረሱ ሁለት እግሩን አንስቷል። ጄኔራል ሃንኮክ ቆሰለ፤ የሱ ፈረስ ደግሞ አንድ። ጄኔራል ሎንግስትሪት ጋ ስንደርስ ግን ነገሩ ይፈርሳል። እ.ኤ.አ. በ1998 የተመረቀው ሐውልቱ ከፍ ያለ መቆሚያ የለውም፤ ጠጋ ብሎ ማየት ይቻላል። የፈረሱ አንድ እግር ተነስቷል። ሰውየው ግን ጌቲስበርግ ላይ አልቆሰለም። ክፉኛ የቆሰለው በዓመቱ በዊልደርነስ ውጊያ ነው፤ ያውም በገዛ ወገኖቹ ጥይት።