250 ሰዓት አየር መንገድ አያስገባም
ስለ አብራሪነት ሥልጠና የወጣ አንድ ጽሑፍ «በአሜሪካ 250 ሰዓት የበረረ አየር መንገድ ይቀጠራል» ማለቱ ሰው ያሳስታል። 250 ሰዓት የንግድ አብራሪነት ፈቃድ ነው የሚያስገኘው፤ ለመንገደኛ አየር መንገድ ረዳት አብራሪ ለመሆን ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ 1,500 ሰዓት ይጠየቃል፣ ከጸደቀ ኮሌጅ የአራት ዓመት የአቪዬሽን ዲግሪ ለያዘ 1,000፣ ከጦሩ ለመጣ አብራሪ ደግሞ 750። መሃል ያለውን ክፍተት አብዛኛው ሰው የሚሞላው በረራ በማስተማር ስለሆነ የአስተማሪነት ፈቃዱን ወጪ ገና ከጅምሩ በጀት ውስጥ አስገቡት። ሌላው ኪስ የሚያራቁተው የበረራ ሰዓት መዝገብ ስህተት ነው። ለኢንስትሩመንት ፈቃድ (ውጭው ሳይታይ በመሣሪያ እየተመሩ ለመብረር) የሚፈለገው 50 ሰዓት የአገር አቋራጭ በረራ የሚቆጠረው ከተነሱበት በቀጥታ መስመር ከ50 የባሕር ማይል በላይ ርቀው ሲያርፉ ብቻ ነው። 48 ማይል ላይ ያለ የአውሮፕላን ሜዳ አርፎ መመለስ ነዳጅና ኪራይ ይበላል እንጂ ለዚህ አይቆጠርም፤ ካርታው ላይ ለክታችሁ ተነሱ። ጽሑፉ ሥር «የጤና ምርመራው በኋላ ይደርሳል» ላልከው ወንድሜ፦ አይደርስም! አንደኛ ደረጃ የጤና ምርመራውን ለትምህርት ቤቱ ሳንቲም ሳትከፍል ጨርስ። የቀለም እይታ ፈተና የወደቀ ሰው የሌሊት በረራ ሊከለከል ይችላል፣ ከ1,500ው ውስጥ 100 ሰዓቱ ደግሞ የሌሊት ነው።