እናት ታማ ጭቃ ውስጥ ይሮጣል እንዴ?

ሰሞኑን መስሪያ ቤት አንድ ክርክር ተነስቶ የምሳ ሰዓታችንን ሙሉ በላው፣ እኔም ቤት ከገባሁ በኋላ ሳብሰለስለው ስላመሸሁ እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው። ስም አልጠራም።

አንዷ የሥራ ባልደረባችን እናቷ የጡት ካንሰር ታመው ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ጀምረዋል። የምታስታምማቸው እሷ ናት። ቀን ሥራ፣ ማታ እናቷ ጋ፣ መድኃኒት ሰዓት የምታስታውሰው እሷ፣ ሆስፒታል የምታመላልሰው እሷ፣ ሌሊት ሲያስመልሳቸው ደግፋ የምትይዛቸው እሷ። እና እናትየው ከመታመማቸው በፊት ልጅቷና ጓደኞቿ አንድ የጭቃ ሩጫ ተመዝግበው ነበር፣ ያ ሽቦ ስር በደረት የሚሳቡበት፣ ግንብ የሚወጡበት፣ የደፈረሰ ውሃ ውስጥ የሚዘፈቁበት የመሰናክል ሩጫ አለ አይደል፣ እሱ። ቀኑ ደረሰና ቅዳሜ ልሄድ ነው አለች። ከዛ በኋላ ማን ዝም ይበል።

መጀመሪያ የተናገሩት በዕድሜ ትልቁ ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። «ልጄ፣ እናትሽ እንዲህ ሆነው ተኝተው አንቺ ጭቃ ላይ ስትንከባለይ ሰው ቢያይሽ ምን ይላል?»

«ጋሼ እኔን የሚያስጨንቀኝ ሰው ሳይሆን እናቴ ናት።»

«እሷ ካስጨነቀችሽማ ለምን ትሄጃለሽ?»

እዚህ ጋ አብሯት የሚሮጠው ልጅ ገባ፣ ሌላ ክፍል ነው የሚሰራው ግን ወሬውን ሰምቶ መጣ። ልጁ ይሄን ነገር ይወደዋል ደግሞም ያውቀዋል። «ጋሼ ይሄ እኮ የልጆች ጭቃ ጨዋታ አይደለም» ብሎ ጀመረ። እንግሊዝ አገር በፈረንጆቹ 1987 ታፍ ጋይ የሚባል ውድድር አንድ እርሻ ላይ እንደተጀመረ፣ ከዛ በ2010 አሜሪካ ውስጥ ታፍ መደር እና ስፓርታን ሬስ በአንድ ዓመት እንደመጡ ነገራቸው። ስፓርታን ላይ ሰዓት ይያዛል፣ ታፍ መደር ላይ ግን በመደበኛው ውድድር ማንም ማንንም አይቀድምም፣ ከመነሳታችሁ በፊት ቡድኔን ከሰዓቴ አስቀድማለሁ ብላችሁ ቃል ትገባላችሁ። ኤቨረስት የሚሉት መሰናክል አላቸው፣ ወደ ላይ እየጎበጠ የሚወጣ የሚያንሸራትት ግድግዳ ነው፣ እየሮጥክ ትመጣለህ፣ ትዘላለህ፣ ላይ ሆኖ እጅህን የሚይዝልህ ሰው ከሌለ አብዛኛው ሰው ተንሸራቶ ይመለሳል። «እሷ ከቀረች እኛም ጎደልን ማለት ነው፣ ስንለማመድ የከረምነው አብረን ነው» አለ። ጨምሮም በ2028 የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ በዘመናዊ ፔንታትሎን፣ ማለት አምስት ስፖርት አንድ ላይ በሚወዳደሩበት ውድድር ውስጥ፣ የፈረስ ግልቢያው ወጥቶ የመሰናክል ውድድር እንደገባ ነገራቸው፣ ማለት ስፖርት ነው እንዲሉለት ፈልጎ ነው።

ጋሼ ግን አልተበገሩም። «ይሁን፣ ኦሎምፒክም ይሁን። በፈረንጆቹ 2013 እዛው አሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ እንዲህ ያለ ሩጫ ላይ ከከፍታ ወደ ውሃ ሲዘሉ አንድ ወጣት ሰምጦ ሞቷል፣ አንብቤያለሁ። እሱስ ይቅር፣ ሞት አልመኝላትም፣ እግሯ ወለም ቢል እንኳ እናቷን ከአልጋ ማን ያነሳቸዋል? አንተ ትመጣለህ?»

ልጁ ዝም አለ። እውነቱን ለመናገር ጋሼ ከተናገሩት ሁሉ ይሄ ከባዱ ነበር፣ ምክንያቱም ሰው ምን ይላል የሚለውን ማንም ሊመልስ ይችላል፣ የአስታማሚ እግር ከተሰበረ ግን የተሰበረው የሁለት ሰው እግር ነው።

ሂሳብ ክፍል ያለችዋ በበኩሏ ተናደደች። «ቆይ እስቲ፣ ባለፈው ለስልጠና ሌላ ከተማ ተልካ አድራ ስትመጣ ማናችን ተናገርን? አንድ ሰው እንኳ እናትሽስ ብሎ ጠይቋታል? ያኔ በርቺ ነው ያልናት። አሁን የሚደሰቱበት ነገር ስለሆነ ብቻ ኃጢአት ሆነባት።»

ጋሼ «ያማ ሥራ ነው፣ ግዴታ ነው» አሉ።

«ለታመሙት ሰው ምን ይለያያል ጋሼ? ልጃቸው አጠገባቸው የለችም፣ ያው ነው። የተለየው እኛ ስናየው ነው።»

ይሄ ነጥብ ሚዛን የሚደፋ ነው ባይ ነኝ። ሰው አስታማሚን ሲያይ ፊቷ ላይ ድካም ማየት ይፈልጋል፣ ድካሙ ካለ ጥሩ ልጅ ናት፣ ከሳቀች ግን እናቷን የረሳች ይመስለዋል። ታማሚዋ ግን ከልጇ የምትፈልገው የደከመ ፊት ነው ያለው ማነው?

ከዛ ልጅቷ ራሷ ተናገረች፣ እስከዛ ድረስ ብዙም አላወራችም ነበር። ድምጿ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። «እናቴ ቀኑን ከኔ በላይ ታውቀዋለች። አልሄድም ብያት ነበር እኮ። ምን አለችኝ መሰላችሁ፣ ሂጂና ሌላ ወሬ ይዘሽልኝ ነይ፣ የሚመጣው ሰው ሁሉ ስለ በሽታዬ ብቻ ነው የሚያወራኝ አለችኝ። እኔም ደግሞ ደክሞኛል፣ እውነቴን ነው ደክሞኛል፣ ልምምዱ ላይ ያለችው አንዷ ሰዓት ናት ስልኬን ሳላይ የምቆይባት።»

ጋሼ ረጋ ብለው «እናት እኮ እንደዛ ነው የምትለው ልጄ፣ እያመማትም ሂጂ ነው የምትልሽ» አሉ። ይሄም ውሸት አይደለም። ግን ቢሆንስ? የታመመ ሰው ያለውን ሁሉ ለኛ ብሎ ነው እያልን ከተረጎምነው መቼም ቢሆን የራሱን ቃል ሊሰማለት የሚችል ሰው አይኖርም። ሰውነታቸው ነው እንጂ አእምሯቸው አልታመመም፣ ሂጂ ካሉ ሂጂ ብለዋል።

እኔ ነገሩ እዚህ ጋ ያበቃል ብዬ ነበር፣ ግን የመስሪያ ቤታችን ክሊኒክ ነርስ እዛው ተቀምጣ ስትሰማ ቆይታ አንድ ጥያቄ ጠየቀች። «የመጨረሻውን ኬሞ መቼ ነው የወሰዱት?»

«ባለፈው ሐሙስ።»

ነርሷ በጣቷ ቆጠረች። «እንግዲህ ቅዳሜ ዘጠነኛ ቀናቸው ነው ማለት ነው» አለች። ከዛ ያብራራችው ነገር ሁላችንንም ዝም አሰኘን። ኬሞ ካንሰሩን ብቻ መርጦ አይመታም፣ መቅኒ ውስጥ የሚሰሩትን ነጭ የደም ሴሎችም ይመታል፣ ብዙ ጊዜ ቁጥራቸው በጣም የሚወርደው መድኃኒቱ ከተሰጠ ከሰባተኛው እስከ አስራ አራተኛው ቀን ድረስ ባለው ጊዜ ነው፣ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ይለያያል። በዛ ሰሞን ለጤነኛ ሰው የሁለት ቀን ተቅማጥ የሆነው ነገር ለሳቸው ሆስፒታል መተኛት ሊሆን ይችላል፣ ትኩሳታቸው 38 ዲግሪ ከደረሰ እስኪነጋ እንጠብቅ አይባልም፣ ወዲያው ነው መሄድ ያለባቸው።

«ጭቃው ደግሞ» አለች፣ «ንጹህ አፈርና ውሃ ብቻ እንዳይመስላችሁ።» በፈረንጆቹ 2012 አሜሪካ ኔቫዳ ውስጥ ከብት የሚረባበት ቦታ ላይ በተደረገ የመሰናክል ሩጫ ካምፒሎባክተር በሚባል ባክቴሪያ 22 ሰው ታሞ ነበር፣ ሲጠና ምክንያቱ የእንስሳት እዳሪ የገባበትን ጭቃ ውሃ ሳያስቡት መዋጣቸው ሆኖ ተገኘ። ይሄ ባክቴሪያ ምልክቱን የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አምስት ቀን ቆይቶ ነው። «ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ምንም ሳይሰማሽ፣ ሻወር ወስደሽ፣ ንጹህ ነኝ ብለሽ ትገቢያለሽ፣ ሰኞ ተቅማጥ ይጀምርሻል፣ በዛ እጅ ነው መድኃኒት የምትሰጫቸው።» ኖሮቫይረስ የሚባለው የሚያስመልሰውና የሚያስቀምጠው ቫይረስማ የአልኮል ሳኒታይዘር እንኳ በደንብ አይገድለውም፣ በሳሙናና በውሃ በደንብ መታጠብ ነው መፍትሔው አለች። ከአይጥና ከከብት ሽንት ወደ ውሃ የሚገባው ሌፕቶስፓይራ ደግሞ በተጫረ ቆዳ ይገባል፣ እሱ ከሰው ወደ ሰው ብዙም አይተላለፍም ግን እሷን ራሷን ሊያስተኛት ይችላል።

አብሯት የሚሮጠው ልጅ «እሺ አትሂድ ነው የምትይው?» አላት።

«አላልኩም። ከሄደች በኋላ ቀጥታ እናቷ ጋ አትግባ ነው ያልኩት። ትንሽ ቀን ሌላ ቦታ ትደር፣ አለመታመሟን ትይ። ሐኪማቸውንም አስቀድማ ትጠይቅ፣ የደም ምርመራቸውን የሚያውቀው እሱ ነው።»

«እና ለነዚያ ቀናት ማን ያስታምማታል?» አለች ልጅቷ። ይሄን ስትል አንገቷን ደፋች።

ሂሳብ ክፍል ያለችዋ ቀስ ብላ «ወንድም አለሽ አይደል?» አለቻት።

አላት። እዚሁ ከተማ ነው ያለው። እሁድ እሁድ ይመጣል፣ እናቱን ይስማል፣ ትንሽ ይቀመጣል፣ ይሄዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ይጫወታል። ይሄን ስትነግረን በምሬት አልነበረም፣ እንዲያውም የሱ ሥራ ብዙ ነው ምናምን እያለች ልትከላከልለት ሞከረች። ጋሼ እንኳ እዚህ ጋ «ለካ ወንድም አለሽ» ብለው ዝም አሉ።

እንግዲህ የኔን ፍርድ ልናገር፣ እዛ ቁጭ ብዬ ብዙ አልተናገርኩም ግን አሁን እናገራለሁ።

ክርክሩ ከመጀመሪያው የተሳሳተ ሰው ላይ ነው የተደረገው። ልጅቷ በየቀኑ እዛ ስላለች ነው አንድ ቀን መቅረቷ የታየው። ወንድሟ ቅዳሜ ሁሉ ኳስ ሜዳ ውሎ ማንም እናትህ ታማ እንዴት ትጫወታለህ አላለውም፣ ምክንያቱም መጀመሪያም ከሱ የጠበቀ ሰው የለም። ካልጠበቁበት መቅረቱ አይታይም። ይሄ በብዙ ቤት ያለ ነገር ነው፣ ሸክሙ የተሸከመው ላይ ይጨመራል፣ ወቀሳውም አብሮ እሱ ላይ ይወርዳል፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ሴት ልጅ ናት። ይሄ በጣም ያናድደኛል።

ሩጫውን በተመለከተ መሄዷን እደግፋለሁ፣ ከልቤ ነው የምደግፈው። ሰው እናቱን ለማስታመም ሰው ሆኖ መቆየት አለበት፣ ጓደኞቿም አሁን ካልያዟት በኋላ ቀብር ላይ መጥተው ቢያቅፏት ምን ይጠቅማታል። እናትየውም ፈቅደዋል፣ የፈቀዱትን ሌላው ሰው ሊነፍጋት አይችልም። ግን ነርሷ የተናገረችው በደግ ልብ የሚታለፍ ነገር አይደለም። የዚህ ሩጫ ዋጋ አንድ ቅዳሜ መስሎን ነበር፣ አይደለም፣ ቅዳሜና ከሱ በኋላ ያሉት አምስት ቀናት ገደማ ናቸው። ያንን ሂሳብ ሳይደብቁ ማስቀመጥ ነው የሚሻለው። አርብ ማታ ወንድሟ ጓዙን ይዞ ይግባ፣ የመድኃኒቱን ሰዓት በወረቀት ትጻፍለት፣ የሆስፒታሉን ስልክና ቴርሞሜትሩን ታሳየው። እሷ ከሩጫው ጓደኛዋ ጋ ትደር፣ እናቷን በስልክ ታውራቸው፣ ወሬውንም በስልክ ትንገራቸው። የጭቃ ልብሷንም እዛው ትጠበው። መሰናክሉ ላይም ጭንቅላቷን ውሃ ውስጥ የሚያስገባውንና ከከፍታ የሚያዘልለውን ሳትሞክር ትለፈው፣ በታፍ መደር ዓይነቱ ውድድር መሰናክልን ሳይሞክሩ ማለፍ አይከለከልም፣ እነ ስፓርታን ላይ ነው ቅጣት ያለው። አፏን ዘግታ ትሮጥ፣ ከጨረሰች በኋላ ሳትታጠብ ምንም አፏ ውስጥ አታስገባ።

ወንድሟ አልችልም ካለስ? ያኔ ይሄኛው ሩጫ ይቅር፣ ልክ ነው ያሳዝናል፣ ግን ያስቀራት ወንድሟ መሆኑ በስሙ ይነገር፣ ጥሩ ልጅ ስለሆነች ቀረች ተብሎ እንዳይሸፈን። ጓደኞቿም ዝም ብለው ፎቶ እየላኩላት አይሩጡ፣ ምዝገባዋ ወደ ሌላ ቀን ይዛወር እንደሆነ አዘጋጆቹን ይጠይቁላት፣ ሐኪሙን ጠይቀው የእናትየው ደም የሚያንሰራራበትን ሳምንት ይምረጡ። ከነሱም አንዳቸው አንድ ሌሊት እዛ ቤት ቢያድር፣ ያ ቡድኔን አስቀድማለሁ ብለው የሚገቡት ቃል ከኤቨረስት ላይ እጅ ከመዘርጋት ያላነሰ ቦታ ያገኛል።

ጋሼን ግን አልቀየምኩም፣ ስለ እናትየው የተናገሩት ከልባቸው ነው። ማታ ደውዬላቸው የወንድምየውን ስልክ ከልጅቷ ተቀብዬ ልስጥዎት ወይ አልኳቸው፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፣ እህቱ ስትለምነው ከሚሰማው ይልቅ እርስዎ ሲጠይቁት ይሰማል አልኳቸው። ትንሽ ካሰቡ በኋላ «መጀመሪያ እሷ ትፍቀድ፣ ከዛ እደውላለሁ» አሉኝ። ነገ ጠዋት እጠይቃታለሁ።