ሃዲዱ የሚያልቅበት፣ ሰው የሚወርድበት

«ለገሃር» የሚለው ስም የመጣው ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ነው። «ጣቢያው» ማለት ነው እንጂ ሌላ ምስጢር የለውም። ቦታው ግን ከጣቢያ በላይ ነበር። ከጅቡቲ የተነሳው ሃዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ገባና እዚያው አለቀ። ከዚያ ወዲያ መሄጃ የለም። ተርሚናል የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ጣቢያ ላይ ባቡር ቆሞ ያልፋል። አዋሽ ሲደርስ የተወሰነው ሰው ይወርዳል፣ የተወሰነው ይሳፈራል፣ ጉዞው ይቀጥላል። ተርሚናል ላይ ግን ማለፍ የለም። ሎኮሞቲቩ ከፉርጎዎቹ ይፈታል፣ በጎን ባለው ሃዲድ ይዞራል፣ ጭራ በነበረው በኩል ይቀጠላል። ሕዝቡም ሻንጣውን፣ ጆንያውን፣ ልጁን ይዞ ባንዴ ግልብጥ ብሎ ይወርዳል።

ድሬዳዋ ሁለቱንም አይታለች። ሃዲዱ እዚያ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ሊገባ ነበር። ተራራው ወጪውን ስላከበደው ግርጌው ላይ ቀረ። ቀጥሎ ገንዘብ አጠረ፣ የፈረንሳይና የእንግሊዝ ሽኩቻም ተጨመረበትና ሥራው ለዓመታት ቆመ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ድሬዳዋ መጨረሻ ነበረች። ዕቃው እዚያ ይራገፋል፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ መሃል አገር ይሄዳል። መጋዘኑ፣ የባቡር መጠገኛው፣ ነጋዴው፣ ሁሉም እዚያ ሰፈረ። ከተማዋን ከተማ ያደረጋት ይኸው ነው። በኋላ ባቡሩ አልፏት ሲሄድም አልፈረሰችም።

አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር መስመር ላይ ነገሩ ይጠላለፋል። ሃዲዱ የሚያልቀው ሰበታ ነው፤ መንገደኛው ግን የሚወርደው ለቡ ነው። ጅቡቲም እንደዚያው። ሃዲዱ እስከ ዶራሌ ወደብ ይዘልቃል፣ ሰው ግን ነጋድ የሚባለው ጣቢያ ላይ ያበቃል። ሃዲዱን ብቻ ካየን ለቡ መተላለፊያ ጣቢያ ነው። እኔ ግን ተርሚናል ነው እላለሁ። ባቡሩ ሙሉ በሙሉ ባዶ የሚሆነው እዚያ ነዋ!

ስሙ ላይ የምከራከረው ለስሙ ብዬ አይደለም። ጣቢያ ካልነው መጠለያና ትኬት መቁረጫ ይበቃዋል። ተርሚናል ካልነው ግን የከተማው በር ነው። ድሮ ለገሃር የወረደ ሰው ወጣ ሲል የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ፊት ለፊቱ ነው። ከዚያ የቸርችል ጎዳና ቀጥ ብሎ ወደ ማዘጋጃ ቤት ይወጣል። ከተማው መሃል ገብቷል ማለት ነው። ለቡ ግን ዳር ነው። ስለዚህ አውቶቡሱ የባቡሩን መግቢያ ሰዓት ጠብቆ በሩ ላይ ይቁም። የታክሲው ተራም እዚያው ይሁን። ከድሬዳዋ ስትጓዝ የዋለች እናት በምሽት ጆንያዋን እየጎተተች አስፋልት ዳር ታክሲ መለመን የለባትም።