«ኢትዮጵያውያን» የሚለውን ከመጫን በፊት

ደሴ ፒያሳም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ኮምፒውተሮች በገመድ ተያይዘው «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» (ሀብት እየሰበሰቡ ከተማና ጦር የሚገነቡበት የጦርነት ጨዋታ) በሚከፈትበት ጌም ቤት ወገን ምረጡ ሲባል ብዙው እጅ የሚሮጠው «ኢትዮጵያውያን» ወደሚለው ነው። ቢሮጥ አይፈረድበትም። ጨዋታው በ1999 እ.ኤ.አ. በ13 ሕዝቦች ሲጀመር እኛ አልነበርንበትም፤ የገባነው በ2015 ከማሊ፣ ከበርበርና ከፖርቹጋል ጋር ነው። ወታደሩ ሲታዘዝ በአማርኛ ይመልሳል። ለሰፈር ልጅ ከዚህ በላይ ምን ማባበያ አለ? ግን በስም የተመረጠ ወገን በስም አያሸንፍም። ይህ ወገን ፈጣን እጅ ይፈልጋል፤ ለጀማሪ ባይሰጥ ይሻላል ባይ ነኝ።

ጉልበቱ ቀስተኛው ላይ ነው። የሌላው ወገን ቀስተኛ በየ2 ሰከንዱ አንድ ቀስት ይለቃል፤ የኢትዮጵያው በ18 በመቶ ስለሚፈጥን ወደ 1.7 ሰከንድ ይወርዳል። 10 ቀስተኛ የያዘ የ12ቱን ያህል ይመታል ማለት ነው። በዚያ ላይ አዲስ ዘመን በተሻገሩ ቁጥር 100 ምግብና 100 ወርቅ በነጻ ይገባል። ብዙ ሰው የሚያበላሸው ይህችኑ ስጦታ ነው። ቀስተኛ አንዱ 25 እንጨትና 45 ወርቅ ስለሆነ ፊውዳል ኤጅ (ሁለተኛው ዘመን) ሲገቡ የ2 ቀስተኞች ወርቅ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። የሚያጥረው እንጨት ነው፤ ከቀስተኛ ማሰልጠኛው በፊት የሚሠራው የእግረኛ ማሰልጠኛ፣ ባራኩ፣ 175፣ የቀስተኛ ማሰልጠኛው ሌላ 175 ይበላል። ወርቅ ላይ ቪሌጀር (ሀብት የሚሰበስበውን ሠራተኛ) አከማችቶ የገባ ሰው ወርቁ ተቀምጦ እያለ ለማሰልጠኛው እንጨት ሲቆርጥ፣ ቀድሞ በመግባት ያተረፋት ደቂቃ ታልቃለች። መሻገሪያው በ500 ምግብ እንደተጫነ ባራኩ መተከል፣ ከምግብ የተነሳውም ሰው ወደ እንጨት መዞር አለበት። ካስል ኤጅ (ሦስተኛው ዘመን) ላይም ስሌቱ ያው ነው። ቀስተኛውን ወደ ተሻለው ክሮስቦው የሚያሳድገው ማሻሻያ 125 ምግብና 75 ወርቅ ነው፤ ስጦታው ወርቁን ሙሉ በሙሉ ይከፍላል፣ ከምግቡም 25 ብቻ ይቀራል። ዘመኑ ሊለወጥ ሲል እጅ ማሰልጠኛው ላይ ሆኖ ይጠብቅ።

የወሎ ልጅ ደግሞ ለብቻው የሚያታልለው ነገር አለ። ዓድዋ ላይ ስለዘመተው የራስ ሚካኤል ፈረሰኛ እየሰማ ስላደገ ኢትዮጵያን ሲመርጥ ፈረስ ይጠብቃል። ጨዋታው ከዚያ ዘመን በፊት ያለውን የመካከለኛውን ዘመን ነው የሚያሳየው፤ ለዚህ ወገንም ፈረስ አላደለም። ለፈረሰኛ 20 የሕይወት ነጥብ የሚጨምረው ብለድላይንስ የሚባል ማሻሻያ የለውም፣ የናይት የመጨረሻ ደረጃ የሆነው ፓላዲንም የለውም። ናይት (ከባዱ ፈረሰኛ) አንዱ 60 ምግብና 75 ወርቅ ነው። ፍራንኮች የሚባሉት ሌላ ወገን በዚያው ዋጋ፣ ምንም ሳያሻሽሉ፣ 120 ነጥብ ያለው ናይት ያወጣሉ፤ የኢትዮጵያው 100 ላይ ይቆማል። ፈረስ ለመጣበት መልሱ ፓይክማን፣ ረጅም ጦር የያዘው እግረኛ፣ ነው። ማሻሻያው ነጻ ነው፤ ጦረኛውም 35 ምግብና 25 እንጨት እንጂ ወርቅ አይነካም።

እጅ የሚፈተነው ካስል ኤጅ ላይ ማንጎኔል (ድንጋይ ወርዋሪ መሣሪያ) የመጣ ጊዜ ነው። ማንጎኔል 160 እንጨትና 135 ወርቅ ያስወጣል፤ ወርቁ የ3 ቀስተኞች ነው። የድንጋዩ ምት 40 ነው። ክሮስቦው ያለው ሕይወት 35 ስለሆነ ተጠጋግተው የቆሙ 15 ሰዎች በአንድ ውርወራ ሊያልቁ ይችላሉ። ማምለጫው መሸሽ አይደለም። ድንጋዩ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ የሚያርፈውም ሲወረወር የታለመበት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ክንዱ እንደተነሳ ግማሹን ቡድን በማውስ ከብቦ ወደ ቀኝ፣ የቀረውን ወደ ግራ መላክ፣ ድንጋዩ መሬት ሲመታ ሁሉንም ማንጎኔሉ ላይ መልሶ ማዘዝ። ይህ ሁሉ ሲሆን ከተማ ውስጥ ቪሌጀር መመረቱ መቆም የለበትም። ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ያልቻለ ሰው 18 በመቶዋ ምንም አትጠቅመውም። ስክሪኑ ላይ ጠቋሚው የሚንሸራተት፣ አንዱ ቁልፉ የማይሠራ ማውስ የደረሰውማ ገና ከመጀመሪያው ሌላ ወገን ይምረጥ።

ሾተል የሚባለውን ጎራዴ የያዘውን የኢትዮጵያውያን ልዩ ጦረኛ በተመለከተ፣ አምሮቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። ምቱ 16 ነው፣ ያስፈራል፤ ሕይወቱ ግን 40 ብቻ ነው፣ ትጥቅም የለውም። የሚወጣውም 650 ድንጋይ ከሚያስወጣው ካስል (ግንብ) ነው። ቀስተኛ ወዳለበት መላክ ማባከን ነው። ጠባቂ የሌለው ማንጎኔል ወይም ሜዳ ላይ የተበተነ ቪሌጀር ሲገኝ ግን ቶሎ ይጨርሳል።

በቡድን ሲሆን ስህተቱ ይብሳል። 4 ለ4 ሲገጠም ሁለቱ ጎን ላይ፣ ሁለቱ መሀል ይሆናሉ። ጎን ያለው ጠላት ቶሎ ስለሚደርስበት በፊውዳል ቀስተኛ ያወጣል፤ መሀል ያለው በእነሱ ተከልሎ ኢኮኖሚውን ያሳድግና በካስል ኤጅ ናይት ይዞ ይወጣል። አራቱም ኢትዮጵያውያንን ከመረጡ መሀሉ ባዶ ነው። ተቃራኒው 25 ምግብና 35 እንጨት ብቻ በሚያስወጣ ስከርሚሸር (ቀስተኛን የሚመክት ጦር ወርዋሪ) ቀስቱን ሁሉ ያመክናል፣ ያንን ስከርሚሸር የሚረግጥ ፈረስ ደግሞ የለም። ለመሀል ፍራንክ የተሻለ ነው፤ ናይቱ እንዳለ ሆኖ የእርሻ ማሻሻያው ነጻ ስለሆነ ለጀማሪም ይቀላል።

ከምርጫው በፊት የሁሉም ኮምፒውተር የጨዋታ ቅጂ አንድ ዓይነት መሆኑ ይታይ፤ የተለያየ ከሆነ አያገናኝም። ጨዋታው በጣም ቀርፋፋው ኮምፒውተር በሚችለው ፍጥነት ስለሚሄድ ደካማው ማሽን ስምንቱንም ይጎትታል፤ እሱ ላይ የሚቀመጥ ሰው ካጣችሁ በሰባት ከመጫወት 3 ለ3 ግጠሙ። ኢትዮጵያውያንን ካልያዝኩ የሚሉ ሁለት ሰዎች በአንድ ቡድን ቢገኙ ጎኑ ሁለት ስለሆነ ያዳርሳል። ሦስተኛው ፍራንክ ይያዝ።