ኧረ ሹፌሯ እኔ ነኝ!

ከባሌ ተራሮቿ ዲንሾ ተነስተን አሁን ገና አዳማ ቤታችን ገባን፣ በሞተር ሳይክሌ፤ እኔ ነጂ፣ ባለቤቴ ከኋላዬ ተፈናጦ። ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። ገላዬን ሳልታጠብ ይሄን መጻፍ አለብኝ፣ ካልተነፈስኩት ያፈነዳኛል።

ከዲንሾ እስከ አሰላ ያለውን ሌላ ቀን አወራችኋለሁ፣ እሱ ገነት ነው። ጉዱ ያለው ከአሰላ አዳማ ባለችው 75 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ነው። በቃ ደረስን ብለን ልባችን ሲያርፍ ጥርሷን አወጣችብን።

መጀመሪያ ኮምባይነሩ። የአርሲ ስንዴ አጨዳ ላይ ነው፣ ገበሬውን ይባርክልን፣ ምንም አልልም። ግን አስፋልቱን ከዳር እስከ ዳር ይዞ በሰው እርምጃ ከሚሄድ ኮምባይነር ኋላ ገለባ እየበሉ መሄድን ሞክሩት። ከኋላ ደግሞ ሲኖትራክ ጡሩንባውን ለቆብኛል። የት ልግባ? ስንዴው ውስጥ?

ከዛ ነፋሱ። ኢተያን አልፎ ወደ ደራ ሲወረድ ያሉትን የነፋስ ተርባይኖች ለጌጥ አይደለም ያቆሟቸው። የራሳችን የአዳማዎቹ ሁለት ማመንጫዎች እንኳ አንድ ላይ 204 ሜጋ ዋት ናቸው፣ እንግዲህ የዚህ ሁሉ ዘመድ የሆነ ነፋስ ነው 150 ሲሲ ሞተርን ከጎን የሚመታው። ነፋሱ ከግራ ሲገፋ ወደ ግራ ትንሽ ተጋድሜ እነዳለሁ። የጭነት መኪና በዛ በኩል መጥቶ ሲጋርደኝ ነፋሱ ድንገት ጥፍት ይላል፣ እኔ ግን እንደተጋደምኩ ነኝ፣ ሞተሩ ወደ መኪናው ይሳባል። ቀና ስል መኪናው ያልፋል፣ ነፋሱ በጥፊ ይመልሰኛል። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ በዚህ ሁሉ መሀል ትከሻዬን ጨምድዶ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይላል። ለማን ነበር እሱ አይዞሽ?

ዋናው ግን ማደያው ነው። ስሙን አልጠራም፣ የሱ ጥፋት አይደለም። እንደምታውቁት ቤንዚን ማደያ ላይ የለም ይባልና ከማደያው አጥር ስር በሃይላንድ ተደርድሮ ይሸጣል። ይሄኛው ተአምር ነው፣ አለው። ከባጃጆቹ ኋላ ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ ሄልሜቴን አወለቅኩ። ቀጂው አየኝ፣ ከዛ ዘሎኝ ከኋላዬ ለተፈናጠጠው ባሌ፦

«ወንድሜ፣ የስንት ልቅዳ?»

«ሙሉው» አልኩት እኔ።

«ሙሉ ይሁን እንዴ ወንድሜ?»

ኧረ በእመቤቴ! ቁልፉ እጄ ላይ ነው፣ የታንከሩን ክዳን የከፈትኩት እኔ ነኝ! ከ2015 ጀምሮ ነዳጅ በስልክ ነው የሚከፈለው፣ ከኔ ስልክ፣ ከኔ ሂሳብ ከፈልኩ። ስልኬን አጎንብሶ አየና ቀና ብሎ «ገብቷል ወንድሜ» አለው። ለሱ! የሱ ስልክ እኮ ቻርጅ ከጨረሰ ቆየ።

ይሄ ሳያንስ ከሰልፉ አንድ ጎልማሳ መፋቂያውን እያኘከ መጣ። ባሌን ከእግር እስከ ራሱ ቃኘው። «ምነው ወንድሜ፣ አሞህ ነው?»

ገባችሁ አይደል? ጤነኛ ወንድ ሚስቱ ኋላ አይፈናጠጥም። እኔ በልቤ በለው፣ አሳየው እያልኩ ነው። «እሷ ናት የምትነዳው፣ እኔማ የሞተር መንጃ ፈቃድ የለኝም» ቢለው ያልቃል። የኔ ጀግና ምን አለ? እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ «አዎ፣ ወገቤን ትንሽ…»

ወገቤን! ባሌ ተራሮች ሳነቴ አምባ ላይ፣ ከ4000 ሜትር በላይ፣ እኔ ትንፋሽ አጥቼ ቁጭ ብዬ እሱ ፎቶ ልነሳ ብሎ ከድንጋይ ድንጋይ እንደ ጦጣ ሲዘል አልነበር? ሰውየው ደግሞ ከልቡ አዘነለት። እግዜር ይማርህ አለው፣ ወጌሻ ጠቆመው። ከዛ ወደኔ ዞሮ፣ «እህቴ፣ ቀስ ብለሽ ውሰጂው እሺ»። አምቡላንስ ሆንኩላችሁ!

እስከ አዋሽ መልካሳ ድረስ አላናገርኩትም። እሱ ግን «ተይው ባክሽ፣ ከማናውቀው ሰው ጋር ምን ያጨቃጭቀናል» ይላል በጆሮዬ። ጭቅጭቁማ ከማውቀው ሰው ጋር ነው።

ደግሞ እኮ የዛሬ ብቻ አይደለም። ያ መካኒክ ትዝ ይላችኋል? ሰንሰለቱ ላልቷል ብዬ የወሰድኩት እኔ፣ ሲጨርስ ግን ባሌን በስልክ አስጠርቶ ስለ ሰንሰለት ያስረዳዋል። ባሌ ሰንሰለት ከፍሬን አይለይም። አማቴስ? «ልጄን ነፋስ እንዳታስመቺው» አሉኝ ስንነሳ። እኔ ከፊት ሆኜ ነፋሱን ሁሉ በደረቴ እየበላሁ ማን ነው የሚመታው?

በጣም የሚያናድደው ደግሞ በየት አልፈን እንደመጣን ነው። በበቆጂ! የደራርቱ ቱሉና የጥሩነሽ ዲባባ አገር። ደራርቱ በ1984 ባርሴሎና ላይ 10 ሺህ ሜትር በእግሯ ሮጣ ወርቅ ስታመጣ አገር ጉድ ብሎ ጨፍሯል። ሴት በእግሯ ስትሮጥ እልል፣ ሞተር ላይ ስትቀመጥ ባልየው ታሟል።

አዳማ መግቢያ ላይ ትራፊክ አስቆመን። መንጃ ፈቃዴን ሰጠሁ፣ ሊብሬውን ሰጠሁ። «በማን ስም ነው?» በኔ አልኩት፣ ተጽፏል እኮ። ባሌን አየው። ባሌም ራሱን ነቀነቀለት፣ አዎ የሷ ነው ብሎ መሰከረ። ያኔ አለፍን። በሙቀቱ ላይ ሙቀት፤ ጠዋት ዲንሾ ላይ ጣቴ ደንዝዞ ፍሬን መያዝ አቅቶኝ ነበር፣ አሁን ጃኬቱ ውስጥ ተቀቅያለሁ።

ይሄን ስጽፍ ሰውዬው ሳሎን ውስጥ ተጋድሞ ከወንድሙ ጋር በስልክ እያወራ ነው። ድምፁ እስከዚህ ይሰማል። «ኧረ ነፋሱ አይጣል ነው! ደራ ጋ መሪው ከእጅ ሊወጣ ምንም አልቀረውም» ይለዋል። ወንድሙ ምን እንዳለው እንጃ፣ ይሄው ይስቃል፣ «ለምደነዋል ባክህ» ይላል። ወገቡንማ እስካሁን አላነሳትም።